ፈረስን «እርስዎ» የሚሉት ጋሽ ይማም

ረቡዕ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሬን ገና እንደከፈትኩ ስልኬ ጠራ። ዘሃራ ነበረች፣ የጋሽ ይማም ልጅ። በጠዋት ደውላልኝ ስለማታውቅ ከመናገሯ በፊት ነገሩ ገባኝ።

«አባባ ሱብሂ ሰግደው ተቀመጡ» አለችኝ። «ሻይ ይዤላቸው ስመጣ አልመለሱልኝም።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ቀብሩ ከዙሁር ሰላት በኋላ መሆኑን ነገረችኝና፣ «ያለ አንተ እንዳይቀብሩኝ ብለውኝ ነበር» ብላ ዘጋችው።

አለቃዬን አስፈቅጄ ወጣሁ። ከጉርድ ሾላ እስከ የካ አባዶ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለእመቤት ማን ይነግራታል? እመቤት ሰው አይደለችም። ዳማ ባዝራ ፈረስ ናት። ጋሽ ይማም እሷን አሠለጠኑ፣ በእሷ ደግሞ እኔን አሠለጠኑ። ሐሳቤን አጠገቤ ለተቀመጠው ተሳፋሪ ብነግረው ይስቅብኝ ነበር። ጋሽ ይማም ግን አይስቁም፤ ቆብ አውልቀው፣ ግንባራቸውን አሸት አሸት አድርገው፣ በደንብ ያስቡበት ነበር።

የተዋወቅነው የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ በአንድ የተበላሸ ፕሪንተር ሰበብ ነው። ሥራዬ የኮምፒውተር ጥገና ነው። ወይዘሮ ራሔል የሚባሉ ደንበኛችን ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ፣ ያኔ ገና ጤፍ ይዘራበት በነበረ መሬት ዳር፣ የፈረስ ግልቢያ ማሠልጠኛ ነበራቸው። ፕሪንተሩን ጠግኜ ቀና ስል በመስኮቱ አንድ ሽማግሌ አየሁ። ረጅም ናቸው፤ ግራጫ ካፖርት ለብሰው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በአጥር በተከበበ ትንሽ ሜዳ መሐል ቆመዋል። ከኋላቸው አንዲት ፈረስ ጥግ ይዛ፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ ትመለከታቸዋለች። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተዋታል።

«ምን እየሠሩ ነው?» ብዬ ወይዘሮ ራሔልን ጠየቅኋቸው።

«እኔም አልገባኝም» አሉ። «ፈረሷ ጋሪ ስትጎትት፣ ስትደበደብ የኖረች ናት። ሰው አታስጠጋም። እሳቸው ግን ይኸው ሃያ ቀናቸው፣ በየቀኑ እንዲህ ይቆማሉ።»

ዕቃዬን ሰብስቤ ስወጣ እግሬ ወደ አጥሩ ወሰደኝ።

«ጋሼ፣ ማንን እየጠበቁ ነው?»

«እመቤትን» አሉ ሳይዞሩ። «ከመጣህ አይቀር ዝም ብለህ ቁም።»

ቆምኩ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ፈረሷ አንድ እግሯን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ሁለት እርምጃ። ከዚያ እንደገና ቆመች። በመጨረሻ አንገቷን አስግጋ አፍንጫዋን የሽማግሌው ካፖርት ላይ አሳረፈች። ጋሽ ይማም አልዞሩም፣ አልዳሰሷትም። ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ቆዩና፣ «እናመሰግናለን እመቤት። ለዛሬ ይበቃናል፣ ይረፉ» ብለው በቀስታ ከሜዳው ወጡ።

እኔን አልፈው ሲሄዱ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «ቅዳሜ ሥራ አለህ?» አሉኝ። የለኝም አልኳቸው። ጸጉሬ እስኪሸብት የሚበቃኝን ትምህርት የጀመርኩት በዚያች መልስ ነው።

ጋሽ ይማም ለሰው ሁሉ «አንተ»፣ «አንቺ» ነው የሚሉት። ወይዘሮ ራሔልን ሳይቀር «አንቺ ራሔል» ይሏቸዋል። ፈረስን ግን «እርስዎ» ነው የሚሉት። «ይራመዱ»፣ «ቀኝዎን ይስጡኝ»፣ «ይቅርታ፣ በጆሮዎ በኩል ላልፍ ነው»። ጋጣ ሲገቡ ቆባቸውን ያወልቃሉ። በብርዳም ጠዋት የልጓሙን ብረት ፈረስ አፍ ውስጥ ከመክተታቸው በፊት በሁለት መዳፋቸው መሐል ይዘው ያሞቁታል። ለመለማመድ የሚመጡ ወጣቶች ይህን ሁሉ እያዩ ይሳሳቃሉ፤ በስልካቸው የሚቀርጿቸውም ነበሩ። እሳቸው ግን ደንታ አልነበራቸውም።

የሚያስተምሩት ግልቢያ ሩጫ አይደለም። ድሬሳዥ ይባላል። ጋላቢና ፈረስ አራት ማዕዘን በሆነ ሜዳ ላይ፣ ሳይጎታተቱና ሳይጯጯሁ፣ እርምጃን፣ ሶምሶማንና ደንገላሳን በልክ በልኩ የሚያሳዩበት ጥበብ ነው። ጋላቢው የሚያዘው በክብደቱ፣ በጭኑና በትንፋሹ ነው። ከሩቅ የሚያይ ሰው ፈረሱ በገዛ ፈቃዱ የሚሄድ ሊመስለው ይገባል። ጋሽ ይማም ይህን የተማሩት ከወረኢሉ በጎረምሳነታቸው መጥተው የመንግሥት ፈረሶች በሚያዙበት አንድ ግቢ ሲቀጠሩ፣ ከአንድ የውጭ አገር አሠልጣኝ ነው። በሜዳው ዙሪያ ፈረንጅኛ ፊደል የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች አሉ። ቅደም ተከተላቸው ግራ ቢገባኝ፣ ከኤ ቀጥሎ ለምን ኬ እንደሚመጣ ጠየቅኋቸው።

«እኔም ያኔ ፈረንጁን ጠይቄው ነበር» አሉ። «አላውቅም አለኝ። ያስተማረውም ሰው አያውቅም ነበር አሉ። አንተም ዝም ብለህ ያዘው።»

ወራት ሙሉ ኮርቻ ላይ አልወጣሁም። እመቤትን በብሩሽ አጸዳሁ፣ ኮቴዋን ጠረግሁ፣ ገመዷን ሳልስብ አጠገቧ መራመድ ተማርኩ። እሷ ስትቆም መቆም፣ እሷ ስትሄድ መሄድ። ከዚያ ወደ ላይ ወጣሁ፤ ግን ልጓም አልሰጡኝም። እሳቸው በረጅም ገመድ ይዘዋት በክብ ሲያዞሯት እኔ እጄን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የትኛው እግሯ መሬት እንደረገጠ መናገር ነበረብኝ።

«ግራ ፊት።»

«ገመትክ» ይላሉ። «አትገምት። ጠብቅና ስማት።»

ልጓም የሰጡኝ ቀን ደግሞ ገና አንድ ዙር ሳልሄድ አስቆሙኝ። ቀረብ ብለው ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቋቸው።

«እጅህ ይጮኻል» አሉኝ። «ትከሻህ ደግሞ መሥሪያ ቤትህን ተሸክሞ መጥቷል። በሩ ላይ አስቀምጠውና ግባ፤ ስትወጣ ታገኘዋለህ።»

አንድ ቅዳሜ፣ ሰኔ ሊገባ አካባቢ፣ በሶምሶማ እየሄድን ሳለ ጋሽ ይማም ከሜዳው ዳር፣ «አሁን እንድትቆም አትጠይቃት፤ አንተ ብቻ ቁም» አሉኝ። እንዴት እንደሚሆን አላወቅሁም። ትንፋሼን ረጅም አድርጌ አወጣሁ፣ ወገቤ ረጋ፣ እጄን አላንቀሳቀስኩም። እመቤት ቆመች። አራቱም እግሮቿ እኩል፣ አንገቷ ከፍ ብሎ፣ ጆሮዋ ወደ እኔ ዞሮ። ጋማዋ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። በዚያ ዓመት ወንድሜን ቀብሬ ነበር፤ ለቅሶው ላይ ግን አላለቀስኩም ነበር። ጋሽ ይማም ምን ሆንክ አላሉኝም። ለሜዳው ጀርባቸውን ሰጥተው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ስለ ደግነታቸው ብቻ ብናገር ግን እውነቱን አጎድላለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ወይዘሮ ራሔል ትርኢት አዘጋጁ። ከሌሎች ማሠልጠኛዎች ጋላቢዎች ይመጣሉ፣ ዳኞች ይቀመጣሉ። እኔና እመቤት ተመረጥን። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ትርኢቱ ሁለት ወር ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ የምትሻገርበትን ቦታ ደጋግመን ስንሠራ እንቢ አለች። አምስት ጊዜ ሞከርኩ። በስድስተኛው ወደ ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያችን ሲያልፍ ደንብራ ወደ ጎን ዘለለች፤ ከኮርቻው ከመውደቅ ለጥቂት ተረፍኩ። አጥሩ ላይ የተቀመጡት ወጣቶች ሳቁ። ልጓሙን በሙሉ ኃይሌ ጎተትኩት፤ በልጓሙ ቆዳ ጫፍም አንገቷን መታኋት። ሁለት ጊዜ።

ጋሽ ይማም ሲመጡ አልሮጡም።

«ውረድ» አሉኝ።

ወረድኩ። ኮርቻውን ራሳቸው ፈቱ። ልጓሙን ከአፏ ሲያወጡ ከንፈሯ ዳር ደም ነበር። በመሐረባቸው ጠረጉላት። ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ቤትህ ሂድ» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣሁ። እመቤት ስታየኝ ወደ ጋጣዋ ጥግ ሸሸች። ጋሽ ይማም ሰላምታዬን ተቀበሉ እንጂ ሌላ ቃል አልተናገሩኝም። ጋጣ ጠርጌ ተመለስኩ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው፣ ጋጣው በር ላይ ባለ የሣር እስር ላይ ተቀምጠው ሳለ በእጃቸው አጠገባቸውን መታ መታ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ።

«ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር» ብለው ጀመሩ። «ቦራ የሚባል ፈረስ ነበረኝ፣ ግንባሩ ነጭ። ትልልቅ ሰዎች ሊያዩ መጥተው በፊታቸው እንቢ አለኝ። አለቃዬ አፈጠጠብኝ። አፈርኩ። ያኔ አለንጋ እይዝ ነበር። ፊቱን መታሁት።»

ግንባራቸውን አሸት አሸት አደረጉ።

«የአለንጋው ጫፍ ግራ ዓይኑን አገኘው። ሐኪም መጣ፤ ዓይኑ አልተረፈም። ከዚያ ሊያስወግዱት ሲሉ ለምኜ ወሰድኩት። እስኪሞት አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ ኖረ። ሁልጊዜ በግራው በኩል ነበር የምሄደው። ማየት የማይችለው በዚያ በኩል ስለሆነ፣ ሲደነግጥ ትከሻዬን እንዲያገኝ።»

«ይቅር አለዎት?» አልኳቸው። የልጅ ጥያቄ ነው፤ ግን ለራሴም ስለነበር ጠየቅሁ።

«ፈረስ አይነግርህም» አሉ። «በማግሥቱ ግን ዓይኑ ታስሮ ከእጄ በላ። ቢነክሰኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንተ ያልኩት ፈረስ የለም።»

ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ። «በል ግባና በሩ አጠገብ ቁም። ጀርባህን ስጣት። ስትፈልግ ትመጣለች።»

እመቤት ወደ እኔ የመጣችው በዘጠነኛው ቀን ነው። ለዘጠኙ ቀናት የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። የቢሮ ባልደረቦቼ የታመምኩ መስሏቸው ነበር።

ትርኢቱ የተደረገው በመስከረም ፀሐይ ነበር። ሰዎች ከቦሌ፣ ከሩዋንዳ ሰፈር፣ ከሲኤምሲ በመኪና መጥተው በድንኳን ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። እመቤት ያን ቀን እንደ ውኃ ነበር የምትፈስሰው። አጋማሹን እስክናልፍ አንድም አልተሳሳትንም፤ ዳኞቹ አንገታቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ። ከዚያ አንድ ነገር ተሰማኝ። ማንም ሊያየው አይችልም። ከሥሬ የሚመጣው ምት ሽራፊ ያህል ተዛነፈ። ግራ ፊት። ይህን ጊዜ አልገመትኩም።

ሦስት ደቂቃ ያህል ነበር የሚቀረን። ብንጨርሰው አንደኛ እንወጣ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። መሐል ሜዳ ላይ አቆምኳት፣ ለዳኞቹ እጅ ነሣሁ፣ ወረድኩና እየመራኋት ወጣሁ። ከድንኳኑ ማጉረምረም ተሰማ። አንዱ፣ «ፈራ እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ወይዘሮ ራሔል ፊታቸውን አዞሩ።

ጋሽ ይማም ጉልበታቸውን መሬት ላይ ተክለው ግራ እግሯን ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው ዳበሱት። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ያለው ጅማት መሞቅ ጀምሮ ነበር። እዚያ ደረጃ ላይ ካረፈች በሁለት ወር ትድናለች፤ ደንገላሳውን ብንጨርስ ግን ዳግመኛ አትጋልብም ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ኮርቻውን ፈቱና፣ እኔ ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ከለከሉኝ፤ ራሳቸው ተሸክመውት እስከ ዕቃ ቤቱ ሄዱ። በዚያ ግቢ የማንንም ጋላቢ ኮርቻ ተሸክመው አያውቁም። ከኋላቸው እየተከተልኩ ስሄድ በሕይወቴ የተሰጠኝ ትልቁ ሽልማት ያ እንደሆነ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ሜዳው እየጠበበ መጣ። የጤፉ መሬት መንገድና ሕንፃ ሆነ፤ ማሠልጠኛውም ቦታውን ለቆ ወደ ሰንዳፋ አቅጣጫ ሄደ። ጋሽ ይማም በዚያ ዕድሜ ሁለት ሦስት ሚኒባስ እየቀያየሩ መመላለስ አልቻሉም። አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው የኮንዶሚኒየም ቤታቸው መውረድም እየከበዳቸው ሄደ። እኔ ቅዳሜ ሰንዳፋ ሄጄ ስመለስ እሳቸው ዘንድ ጎራ እላለሁ። ዘሃራ በሩን ትከፍትልኛለች። ጤናዬን፣ ሥራዬን ሳይጠይቁ፣ «ዛሬ እንዴት ናቸው?» ይሉኛል። ስለ እመቤት ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያዳምጡት። የካቲት ላይ፣ አዳዲስ ተማሪዎችን እኔ እንዳስተምር ወይዘሮ ራሔል እንደጠየቁኝ ስነግራቸው፣ «ቸኩለህ ኮርቻ ላይ አታስወጣቸው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያየኋቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ያን ረቡዕ ከዙሁር በኋላ ቀበርናቸው፤ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ኮንዶሚኒየሙ ሥር በተተከለው ድንኳን ውስጥ ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ትዕግሥታቸው ያወራል። አንድ አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ትከሻው ሰፊ ነው።

«የፈረሱ ልጅ አንተ ነህ አሉኝ» አለ። «ከማል እባላለሁ። ልጁ ነኝ።»

ደነገጥኩ። በስምንት ዓመት ውስጥ ጋሽ ይማም ወንድ ልጅ እንዳላቸው አልሰማሁም። ከማል ድንጋጤዬን አየ።

«ስለ እኔ ነግሮህ ያውቃል?»

ልዋሸው እችል ነበር። «አልነገሩኝም» አልኩት።

አንገቱን ነቀነቀ። «ዘሃራ ናት እንድመጣ ያደረገችኝ። ፈረስ መትቶ አያውቅም ይላሉ እዚህ። እኔን ግን መትቷል። ትምህርት ላይ ደካማ ነበርኩ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ከቤት ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። ጉርድ ሾላ ጎማ እሸጣለሁ።»

ከቢሮዬ ሁለት ሕንፃ አልፎ ያለው ሱቅ ነው። በየቀኑ በበሩ አልፋለሁ።

የማውቃቸውን ጋሽ ይማም ልከላከልላቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ይህ ሰው የሚያውቃቸውን አባት እኔ አላውቃቸውም። ሁለቱም አንድ ሰው ነበሩ።

«ዓምና ሱቄ ድረስ መጣ» አለ ከማል። «በመስታወቱ አየሁት። ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባሁና ጸሐፊዋን የለም በይው አልኳት። በሩ ላይ ቆሞ ቆየ። እዚያ እንደነበርኩ ያወቀ ይመስለኛል። ሄደ።»

እጁን አየ። ትልልቅ፣ ጥቁር ጎማ የበላቸው እጆች ናቸው።

«አንድ ቀን ብቻ ነው የመጣው። ይኼ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ። ሁለተኛ ቢመጣ እኮ እወጣ ነበር።»

ሰዎች እየመጡ፣ አላህ ይዘንላቸው እያሉ እጁን ይጨብጡታል፤ እሱም አሜን ይላል። ብዙ ቆይተን ልነሣ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ፈረሷ የት ናት አሁን?»

«ወደ ሰንዳፋ መሄጃ ላይ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነኝ።»

«ሰው ታስጠጋለች?»

«ቶሎ አታስጠጋም» አልኩት።

ከማል ቅዳሜ በሦስት ሰዓት መጣ። እንዳሳየሁት ሜዳው ውስጥ ጀርባውን ሰጥቷት ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቆመ፤ እመቤት ከጥጓ አልተንቀሳቀሰችም። መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ።